ማን ይዞት ነበር? ምን ደርሶበታል? ማን ይጠግነዋል?

(የመግቢያ ሙዚቃ ከፍ ብሎ ይሰማል፤ ቀስ በቀስ ዝቅ ይላል)

አቅራቢ፦ አሶሳ፣ ባምባሲ፣ ግልገል በለስ፣ ቡለን፣ ወንበራ ደብረ ዘይት ሆናችሁ ታዳምጡናላችሁ። ደብረ ዘይት ስል ቢሾፍቱ ትዝ ያላችሁ ካላችሁ፣ የዛሬው ጨዋታ ለመተከሏ ደብረ ዘይት ነው። ከመኪና ገበያ ርቆ ለሚኖር፣ ገዝቶ ከሄደ በኋላ «ተመልሼ ልቀይረው» ለማይል ሰው ነው።

ዛሬ ስለ መኪና እናወራለን። ከአውቶሞቢል ከፍ ያለ፣ ከላንድክሩዘር ደግሞ ቀለል ያለውን መኪና ታውቁታላችሁ። ራቭ ፎር፣ ቪታራ፣ ቱሳን፣ ስፖርቴጅ፣ ኤክስ ትሬል፣ ሲ አር ቪ እንላቸዋለን። ቤተሰብ ይይዛል፣ ዕቃ ይጭናል፣ ኮረኮንች መንገድም በመጠኑ ይችላል። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፦ ያገለገለውን ስትገዙ፣ መንገድ ላይ እንደማይጥላችሁ በምን ታውቃላችሁ?

(አጭር ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ በመጀመሪያ፣ ጉዳዩ ዛሬ ለምን ከበደ?

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን በዕድሜያቸው መጠን ከፍ እያለ በሚሄድ ታክስ አስወደዳቸው። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ከእንግዲህ ወደ አገር እንደማይገቡ አስታወቀ። በምትካቸው የኤሌክትሪክ መኪና መጣ። ለከተማ መልካም ነው። ነገር ግን የኤሌክትሪክ መሙያ ጣቢያ በብዛት ያለው አዲስ አበባ በመሆኑ፣ ከወንበራ ተነስቶ ረጅም መንገድ የሚሄድ ሰው ዓይኑ አሁንም በቤንዚኑ መኪና ላይ ነው።

ስለዚህ ምን ሆነ? አዲስ መግባቱ ቀረና በአገር ውስጥ ያለው ያው መኪና ከእጅ ወደ እጅ መዞር ያዘ። በየዓመቱ አንድ ዓመት ያረጃል፤ ዋጋው ግን እንደ ዕድሜው አይወርድም። አሥር፣ አሥራ አምስት፣ ሃያ ዓመት የሠራ መኪና በብዙ ብር ይሸጣል። በዚህ ዋጋ የተሳሳተ ሰው በቀላሉ አያገግምም።

ገበያ ስትወጡ ደግሞ የምትሰሙት መልስ አንድ ነው፦ «ቶዮታ ነው እኮ! ምን ይሆናል?»

እስቲ ቆም ብለን እናስብ። ቶዮታ ጥሩ ስም አለው፤ ስሙም በሥራ የመጣ ነው። ያ ስም የሚናገረው ግን ስለ ብዙ መኪኖች ነው፤ በብዙ ሺህ መኪኖች ላይ ስለታየው ጠባይ። እናንተ የምትገዙት ደግሞ አንዱን ነው። ያ አንዱ ዘይት ሳይቀየርለት የኖረ፣ ተገልብጦ የተቃና፣ በባዶ ራዲያተር የተነዳ ቢሆን፣ ከፊቱ ላይ የተለጠፈው ምልክት ምንም አያደርግለትም። በደንብ የተያዘ ሂዩንዳይ በደንብ ካልተያዘ ቶዮታ ይሻላል።

ደግሜ ልበለው። ስሙ የሚነግራችሁ ስለ ብዙዎቹ ነው፤ እናንተ የምትገዙት አንዱን ነው።

የአገራችን ገበሬ ይህን ድሮም ያውቀዋል። በሬ ሲገዛ «የየት አገር ዘር ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ከዚያ ግን አፉን ከፍቶ ጥርሱን ያያል፣ ትከሻውን ይዳብሳል፣ አስኪዶ እግሩን ይመለከታል።

እኛም ዛሬ ሦስት ጥያቄ እንያዝ። ወረቀት ካላችሁ ጻፏቸው፤ ከሌላችሁም በቃል ይያዛሉ።

አንደኛ፦ ማን ይዞት ነበር?

ሁለተኛ፦ ምን ደርሶበታል?

ሦስተኛ፦ ማን ይጠግነዋል?

(የመሸጋገሪያ ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ ከመጀመሪያው እንጀምር። ማን ይዞት ነበር? አንድ የስልክ ንግግር እናሰማችሁና እንመለሳለን። ጆሯችሁን ሰጥታችሁ አዳምጡ፤ በኋላ እጠይቃችኋለሁ።

(የስልክ ጥሪ ድምፅ)

ደላላ፦ ሄሎ! ጋሼ፣ ያችን ራቭ ፎር ቶሎ ካላዩዋት ታመልጥዎታለች። ሞተሯ ያልተነካ! የዶክተር መኪና ናት።

ገዢ፦ እግዜር ይስጥልኝ ወንድሜ። ዶክተሩ ስንት ዓመት ያዟት?

ደላላ፦ እ... ሁለት ዓመት ቢሆናቸው ነው።

ገዢ፦ የ2007 ሞዴል ናት ብለኸኝ አልነበር? ከዶክተሩ በፊትስ?

ደላላ፦ እሱን እንኳ ከሊብሬው ላይ ያዩታል።

ገዢ፦ ሊብሬው በዶክተሩ ስም ነው?

ደላላ፦ ስሙ ገና አልዞረም። ውክልና አለ ጋሼ፣ አያስቡ!

(ስልኩ ይዘጋል)

አቅራቢ፦ ምን ሰማችሁ? ደላላው አልዋሸ ይሆናል። ነገር ግን የሞዴል ዓመት በገበያችን የሚነገረው በፈረንጅ አቆጣጠር ነውና፣ መኪናዋ ሃያ ዓመት ሊሞላት የቀራት ጥቂት ነው። ዶክተሩ የያዟት ሁለቱን ዓመት ብቻ! ያን ሁሉ ሌላ ዘመን ማን ነዳት? ለኪራይ ሠርታ ይሆን? በየወሩ ገጠር ለገጠር ስትዞር ኖራ ይሆን? «የዶክተር መኪና» የሚለው ቃል ከመኪናዋ ዕድሜ የሚሸፍነው ጥቂቱን ብቻ ነው።

ስለዚህ «ማን ይዞት ነበር?» ስትሉ ስለ መጨረሻው ባለቤት ብቻ አትጠይቁ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ? ከመጀመሪያ ጀምራችሁ ጠይቁ።

በምን ይታወቃል? ከሊብሬው ጀምሩ። በሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲ ቁጥርና የሞተር ቁጥር ከመኪናው አካል ላይ ከተመታው ጋር አንድ ፊደል ሳይዛነፍ መግጠም አለበት። የሻንሲ ቁጥር በአብዛኛው 17 ፊደልና አኃዝ አለው። በጄ ከጀመረ ጃፓን፣ በኬ ከጀመረ ኮሪያ፣ በኤል ከጀመረ ቻይና ተሠርቷል ማለት ነው። የተፋቀ፣ የተበየደ ወይም ከአካባቢው ቀለም የተለየ ካያችሁ ወሬውን እዚያው ላይ አቁሙ።

ከዚያ የአገልግሎት መዝገቡን ጠይቁ። ቶዮታ ከሆነ በሞኤንኮ፣ ሱዙኪ ከሆነ በታምሪን፣ ኒሳን ከሆነ በኒያላ፣ ሂዩንዳይ ከሆነ በማራቶን ሞተር ታይቶ ያውቅ እንደሆነ ባለቤቱን ጠይቁ። ደረሰኝ ያስቀመጠ ሰው መኪናውንም የጠበቀ ሰው የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። የዘይት መለወጫ ካርድ፣ የፍሬን ሸራ የተገዛበት ደረሰኝ፣ የጎሚስታ ወረቀት ሳይቀር ዋጋ አለው።

ኪሎ ሜትሩንስ እንመነው? እስቲ አብረን እናስላ። አንድ መኪና በዓመት 15 ሺህ ኪሎ ሜትር ብቻ ቢሄድ፣ በአሥራ ሁለት ዓመት ስንት ይሆናል? 180 ሺህ። ስለዚህ የአሥራ ሁለት ዓመት መኪና 70 ሺህ የሚል ከሆነ፣ ወይ ቆሞ የኖረ ነው፣ ወይ ኪሎ ሜትሩ ተመልሷል። ቁጥር ይመለሳል፤ ያለቀ ላስቲክና የተላጠ ቆዳ ግን አይመለስም። የፍሬን ፔዳሉ ላስቲክ ካለቀ፣ የመሪው ቆዳ ከለሰለሰ፣ የሾፌሩ ወንበር ጎን ከተቀደደ፣ «70 ሺህ ነው» ያላችሁን ሰው ይህን አሳዩትና ምን እንደሚል ስሙት።

ደግሞ የወንበር ቀበቶውን እስከ ታች ስባችሁ አውጡት። ከሥሩ የተሠራበትን ጊዜ የሚናገር ጨርቅ ወይም ወረቀት ይገኛል። የመኪናው ሞዴል 2010 ሆኖ ቀበቶው የ2014 ከሆነ፣ ቀበቶው ለምን ተቀየረ? በከባድ ግጭት ጊዜ ቀበቶ ከኤርባጉ ጋር አብሮ ይሠራል፤ ከዚያ በኋላም ይቀየራል። እዚህ ላይ የመጀመሪያው ጥያቄያችን ወደ ሁለተኛው አሻገረን።

(የመሸጋገሪያ ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ ሁለተኛው ጥያቄ፦ ምን ደርሶበታል?

ለዚህ ጥያቄ ሁለት ነገር ያስፈልጋችኋል፤ የቀን ብርሃንና የራሳችሁ መካኒክ። ሻጩ ያመጣው መካኒክ የሻጩ መካኒክ ነው። ለምርመራ የምትከፍሉት ገንዘብ ከመኪናው ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ምንም አይደለም። ማታ በአምፖል፣ በዝናብ ጊዜ ወይም ታጥቦ በረጠበ ጊዜ መኪና አትዩ፤ ውሃ ቀለምን አንድ ያስመስላል።

ከውጭ ተነሱ። ከጎኑ ቆማችሁ ቀለሙን በአግድም ተመልከቱት። በር ከፓራፋንጎ፣ ኮፈን ከፓራውልት ጋር ያላቸው ክፍተት እኩል ነው? ኮፈኑን ከፍታችሁ ቡሎኖቹን እዩ፤ ቁልፍ ያረፈበት ቡሎን ቀለሙ ይላጣል። የኋላውን ምንጣፍ አንሱና ስኮርታ ጎማው የሚቀመጥበትን ጎድጓዳ ተመልከቱ። ብየዳ፣ መጨማደድ ወይም አዲስ ቀለም ካለ ከኋላ ተመትቷል። ፓራውልት መቀየር ነውር የለውም። አደጋው ያለው ግጭቱ ወደ ዋናው አካል የገባ እንደሆነ ነው። እነዚህ መኪኖች በአብዛኛው ለብቻው የቆመ ሻንሲ የላቸውም፤ አካሉና ሻንሲው አንድ ላይ የተሠራ ነው። አካሉ ከተጣመመ ጎማው ይበላል፣ መሪው ይስባል፣ በሩም በደንብ አይገጥምም።

አሁን ወደ ሞተሩ። እዚህ ላይ አንድ ሕግ አለ። ሞተሩ ቀዝቃዛ መሆን አለበት! ለሻጩ ቀድማችሁ ንገሩት፦ «ሳልደርስ እንዳታስነሳው።» ስትደርሱ ኮፈኑን በእጃችሁ ዳብሱ። ሞቆ ካገኛችሁት «ለምን ሞቀ?» በሉ። ብዙ የታመመ ሞተር ከሞቀ በኋላ ደህና ይመስላል፤ ጉዱ የሚወጣው ጠዋት በቅዝቃዜ ነው።

(የሞተር ማስነሻ ድምፅ፤ ሞተሩ ለጥቂት ሰከንድ ይሠራል)

አቅራቢ፦ ሲነሳ አንዱ ሰው ከኋላ ይቁም። ከማርሚታው የሚወጣው ጭስ ምን ቀለም አለው? ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየተቃጠለ ነው። ጥቁር ከሆነ ቤንዚን በዝቷል። ነጭ ሆኖ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ካልጠፋ፣ የራዲያተሩ ውሃ ወደ ሞተሩ ውስጥ ይገባል ማለት ሊሆን ይችላል። በቀዝቃዛ ጠዋት ለአፍታ ታይቶ የሚጠፋ ነጭ እንፋሎት ግን ጤና ነው።

እንድገመው? ሰማያዊ ዘይት፣ ጥቁር ቤንዚን፣ የማይጠፋ ነጭ ውሃ።

የሞተር ዘይት መሙያውን ክዳን ገልብጡት። ከሥሩ ወተት የመሰለ ቅባት ከያዘ ዘይትና ውሃ ተገናኝተዋል፤ የቴስታታው ጋርኒሲዮን ሄዷል ብላችሁ ጠርጥሩ። የራዲያተሩን ክዳን ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ብቻ ክፈቱ፤ ሲሞቅ ከከፈታችሁ ፊታችሁን ያቃጥላል። ውስጡ ዝገት የመሰለ ቡናማ ውሃ ካለ፣ ባለቤቱ የራዲያተር ፈሳሽ ሳይገዛ የቧንቧ ውሃ ሲሞላበት ኖሯል ማለት ነው። ለቆላ ይህ ክፉ ምልክት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል፤ ቀዝቀዝ ያለ አገር ነው። ደከም ያለ ራዲያተር እዚያ ሳይታወቅ ይኖራል። ወደ መተከል የሚመጣው መንገድ ግን ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ወርዶ ወደ ደጀን ያን ያህል ይወጣል። ወደ አሶሳ የሚመጣውም የዴዴሳን ሸለቆ ያቋርጣል። ከተማ ውስጥ ዝም ያለ ራዲያተር እዚያ ዳገት ላይ ይናገራል።

(አጭር ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ አሁን «ሁሉም መኪና የራሱ አመል አለው» የሚባለውን እንይ። እውነት ነው። አንዳንዱ አመል ደግሞ በዓለም የታወቀ ነው።

ራቭ ፎርን እንውሰድ። ራቭ ፎር ለመጀመሪያ ጊዜ ለገበያ የቀረበው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1994 ነው። ከ2001 እስከ 2003 በተሠሩት ኦቶማቲክ ካምቢዮ ያላቸው ራቭ ፎሮች ላይ፣ የሞተሩን ሥራ የሚመራው ኮምፒውተር እየተበላሸ ማርሽ ሲቀየር መኪናው ይደነግጥ ነበር። ኮምፒውተሩ በጊዜ ካልተቀየረ ደግሞ ካምቢዮውን ይዞት ይሄዳል። ከ2006 እስከ 2008 ያሉት ባለ 2.4 ሊትር ሞተሮች ላይ ሌላ አመል ታየ፤ ዘይት መብላት። የፒስቶኑ ፋሻ በካርቦን ይደፈንና ዘይቱን መግፋት ያቅተዋል። በሁለቱም ችግር ኩባንያው በአሜሪካ የዋስትናውን ጊዜ እስከማራዘም ደርሷል።

ይህ ማለት እነዚህን አትግዙ ማለት ነው? አይደለም። የት ማየት እንዳለባችሁ ይነግራችኋል። የ2007 ባለ 2.4 ሊትር ከሆነ፣ የዘይት መለኪያውን አውጥታችሁ እዩ። ባለቤቱን «በሁለት ዘይት ቅያሬ መካከል ስንት ሊትር ትጨምራለህ?» ብላችሁ ጠይቁት። «ምንም» ካለና መለኪያው ላይ ዘይቱ ከታችኛው ምልክት በታች ከሆነ፣ መልሱን አግኝታችኋል።

የኮሪያዎቹን እንይ። በ2017 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሂዩንዳይና ኪያ ስፖርቴጅን፣ ሶሬንቶን፣ ሳንታ ፌን ጨምሮ በአሜሪካ ከአንድ ሚሊዮን በላይ መኪና ለጥገና መልሰው ጠሩ። ሞተሩ ፋብሪካ ውስጥ ሲመረት የቀረ የብረት ፍርፋሪ ዘይት የሚያልፍበትን መንገድ ይዘጋል፤ ሞተሩ ያንኳኳል፤ በመጨረሻም ይነክሳል። ስለዚህ በኮሪያ መኪና ከሥር የሚመጣ «ቶክ፣ ቶክ፣ ቶክ» የሚል ድምፅ ቀላል ነገር አይደለም። ድምፁ ከሞተሩ ፍጥነት ጋር አብሮ ከፈጠነ፣ ዋጋ መከራከር ትታችሁ ወደ ቤት ሂዱ።

ኤክስ ትሬል ከ2007 ወዲህ በብዛት የሚመጣው በተለየ ኦቶማቲክ ካምቢዮ ነው። እንደ ሌላው ማርሽ የለውም፤ ሁለት ፑሌጃዎችን በሚያያይዝ ቀበቶ ይሠራል። ዘይቱም የራሱ ዓይነት ነው። ሌላ የካምቢዮ ዘይት የሞላበት ጋራዥ ካምቢዮውን ይገድለዋል። ሻጩን «የካምቢዮ ዘይት መቼ፣ በምን ዓይነት ተቀየረ?» በሉት።

ሲ አር ቪ የምታዩም አንድ ነገር ልብ በሉ። ከ2002 እስከ 2011 ባሉት ላይ የተገጠመው የታካታ ኤርባግ፣ ሲፈነዳ ብረት ሊወረውር ስለሚችል በአሜሪካ ታሪክ ትልቁ የተባለለት ጥሪ ውስጥ ገብቷል። ያን ኤርባግ የሚያበላሸው ለረጅም ዓመት የቆየ ሙቀትና እርጥበት ነው። የእኛ ቆላ ደግሞ ሁለቱም አለው። በሻንሲ ቁጥሩ አስጠይቁ፤ ተቀይሮለት ከሆነ መዝገብ አለው።

(የመኪና ጉዞ ድምፅ፤ ቀስ እያለ ይጠፋል)

አቅራቢ፦ አይታችሁ ጨርሳችኋል? እንግዲህ ንዱት። በሰፈር ዙሪያ አንድ ዙር አይበቃም። ግማሽ ሰዓት ያህል፣ ዳገት ባለበት ንዱት። ሬዲዮውን ዝጉ፤ ኤር ኮንዲሽነሩን ክፈቱ፤ መስኮቱን ዝቅ አድርጉ።

ቦታ ባለበት መሪውን እስከ ጥግ አዙራችሁ በዝግታ ዙሩ። ከፊት ጎማ በኩል «ቀጭ ቀጭ ቀጭ» ካለ፣ ኃይል ወደ ጎማው የሚያደርሰው ዘንግ መገጣጠሚያው አልቋል። ኦቶማቲክ ከሆነ ከቆመበት ወደ ኋላ ማርሽ አስገቡት፤ ሁለት ሦስት ሰከንድ ቆይቶ በድንጋጤ ከያዘ ካምቢዮው ደክሟል። ቀጥ ባለ ባዶ መንገድ ላይ ፍሬን ያዙ፤ ወደ አንድ ጎን ይስባል? ዳገት ላይ የሙቀት መለኪያው ቀስት ከመካከል ወደ ላይ ወጣ? ወጥቶ ከሆነ ያየነውን ራዲያተር አስታውሱ።

ቁልፉን ስታዞሩ ደግሞ የሞተሩን መብራት ክሩስኮቶው ላይ ተመልከቱ። መጀመሪያ መብራት አለበት፤ ሞተሩ ሲነሳ መጥፋት አለበት። ጭራሽ ካልበራ፣ አምፖሉን ያወጣው ሰው አለ። የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነብ መሣሪያ ያለው መካኒክ ፈልጉ፤ የተደበቀውን ያወጣዋል።

«ፎር ዊል ነው» ካሏችሁም አረጋግጡ። ራቭ ፎርም፣ ቱሳንም፣ ቪታራም በሁለት ጎማ ብቻ የሚነዳ አላቸው፤ ከውጭ ግን አንድ ይመስላሉ። ከሥሩ ተንበርክካችሁ ወደ ኋላ ጎማዎቹ የሚሄደውን ዘንግ እዩ። ዘንጉ ከሌለ ፎር ዊል አይደለም። ክረምት ገብቶ የወንበራ መንገድ ጭቃ ሲሆን ልዩነቱ ይታወቃል። ከ2005 ወዲህ የተሠራው ግራንድ ቪታራ ደግሞ በአካሉ ውስጥ የሻንሲ ማጠናከሪያ ያለው በመሆኑ ለአስቸጋሪ መንገድ ይወደዳል፤ ቤንዚኑ ግን ከሌሎቹ በርከት ይላል።

(የመሸጋገሪያ ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ እስካሁን ሁለት ጥያቄ አየን። ማን ይዞት ነበር? ምን ደርሶበታል? ሦስተኛው ብዙ ሰው የሚረሳው ነው። ማን ይጠግነዋል?

መኪናው አዲስ አበባ ቢሆን፣ ሶማሌ ተራ ወርዶ መለዋወጫ መፈለግ ይቻላል። እናንተ ያላችሁት ግን ከአዲስ አበባ ከአምስት መቶ፣ ከስድስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ርቃችሁ ነው። ለእናንተ አስተማማኝ መኪና ማለት በጭራሽ የማይበላሽ አይደለም፤ እንዲህ ያለ ያገለገለ መኪና የለም። ለእናንተ አስተማማኝ መኪና በአቅራቢያችሁ የሚያውቀው መካኒክ ያለው፣ ዕቃውም በቀላሉ የሚገኝ ነው።

አንድ ምሳሌ እንይ። ሊፋን ኤክስ 60 ዱከም ላይ ይገጣጠም የነበረ መኪና ነው። አገር ውስጥ የተገጣጠመ መሆኑ ለገዢው መልካም መስሎ ነበር። በ2020 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ግን ቻይና ያለው እናት ኩባንያ በዕዳ ምክንያት በፍርድ ቤት ሥር ወደ መልሶ ማዋቀር ገባ። መኪናው ጎበዝ ይሁን ሰነፍ፣ ከፋብሪካ የሚመጣው ዕቃ ነገር ያሳስባል። ዋጋው ረከስ ብሎ ብታገኙት፣ የረከሰበትን ምክንያት አስቡ።

ከመግዛታችሁ በፊት ሦስት ቦታ ሂዱ። አንድ፦ በከተማችሁ ያለውን መካኒክ «ይህን ሞዴል ከፍተህ ታውቃለህ?» በሉት። ሁለት፦ ዕቃ መሸጫ ገብታችሁ የዘይት ፊልትሮ፣ የፍሬን ሸራ፣ ካንዴላ ጠይቁ። እነዚህ ሦስቱ ከሌሉ ሌላው አይገኝም። ሦስት፦ እዚያው አካባቢ ያንኑ መኪና የሚነዳ ሰው ካለ «ባለፈው ዓመት ምን ገዛህለት?» በሉት። ወንበራ ውስጥ አሥር ቪታራ ቢኖርና አንድ ቱሳን ቢኖር፣ ለወንበራ ሰው ቪታራው ይሻለዋል፤ ቱሳኑ በራሱ መጥፎ ስለሆነ ግን አይደለም።

ሞተሩ በካቴና ነው ወይስ በቺንጋ የሚሠራው? ይህንም ጠይቁ። የመጀመሪያው ቱሳን ባለ 2 ሊትር ቤንዚን ሞተር ቺንጋ አለው። ቺንጋ ጊዜው ሲደርስ ይቀየራል፤ መንገድ ላይ ከተበጠሰ ሞተሩን ሊያጠፋው ይችላል። መቼ እንደተቀየረ ማስረጃ ከሌለ፣ «በገዛሁ ሳምንት አስቀይረዋለሁ» ብላችሁ ሒሳቡን ከዋጋው ቀንሱ።

የነዳጁን ነገርም አንርሳ። ማደያ ባዶ ሲሆን ቤንዚን በሃይላንድ ይሸጣል። ውሃ ይግባበት፣ ነጭ ጋዝ ይቀላቀልበት፣ ማን ያውቃል? በኤሌክትሪክ የሚሠራ የቤንዚን ፓምፕ ይህን አይወድም። መኪናው ሲፋጠን እየቆረጠ ከሄደ፣ ዳገት ላይ ከደከመ፣ የቤንዚን ፊልትሮውንና ፓምፑን አስመርምሩ።

እንግዲህ ሦስተኛው ጥያቄ ወደ ኪሳችሁም ይገባል። ያላችሁን ገንዘብ ሁሉ ለመኪናው አትክፈሉ። ከአሥር አንድ እጅ ያህል ለመጀመሪያው ዓመት ጥገና አስቀሩ። ለዘይት፣ ለፊልትሮ፣ ለጎማ፣ ለባትሪ ይውላል። የጎማውን ዕድሜ ደግሞ ከጎኑ በተመታው አራት አኃዝ ታውቁታላችሁ። 2319 ካለ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2019 በሃያ ሦስተኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ገጹ ጥልቅ ቢሆንም ላስቲኩ ካረጀ ይፈነዳል።

(አጭር ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ ወረቀቱን በአጭሩ እንይ፤ በሚቀጥለው ሳምንት በሰፊው እንመለስበታለን። የዓመቱ ምርመራ ተደርጎ ቦሎው ተለጥፏል? የሦስተኛ ወገን መድንስ? መኪናው በባንክ ዕዳ ወይም በፍርድ ቤት ዕግድ ተይዞ እንደሆነ መዝገቡ ካለበት መሥሪያ ቤት ጠይቁ። ከድንበር ማዶ የመጣ መኪና ከሆነ የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑን ሳታዩ ብር አትቁጠሩ። በውክልና ላይ ውክልና ከተደራረበ ዋናው ባለቤት ራሱ እንዲቀርብ ጠይቁ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ገዢው የተረከበውን ዕቃ ሳይዘገይ እንዲመረምር፣ ጉድለት ካገኘም ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ይጠይቃል። ስድስት ወር ነድታችሁ «ያኔም ያንኳኳ ነበር» ማለት አያዋጣም።

አሁን አብረን እንከልስ። ጥያቄውን እኔ እላለሁ፤ መልሱን እናንተ በሉ።

ማን ይዞት ነበር? ሊብሬው፣ የሻንሲ ቁጥሩ፣ ደረሰኙና የቀበቶው ጨርቅ ይናገራሉ።

ምን ደርሶበታል? ቡሎኑ፣ የቀዝቃዛ ሞተር ጭስ፣ የዘይቱ ክዳን፣ የዳገቱ ላይ ጉዞ ይናገራሉ።

ማን ይጠግነዋል? የከተማችሁ መካኒክና የዕቃ መሸጫው መደርደሪያ ይናገራሉ።

ለሦስቱም ጥሩ መልስ የሰጠ መኪና ስሙ ዝነኛ ባይሆንም ይገዛል። ከሦስቱ ሁለቱን ብቻ ከመለሰ ዋጋው ይውረድ፤ በተለይ የቀረው ሦስተኛው ከሆነ ከወንበራ መንገድ ጋር አስቡት። ሻጩ ሞተሩን ቀዝቃዛ ሳለ እንዳታዩ ከከለከላችሁ፣ ወይም በራሳችሁ መካኒክ እንዳታስመረምሩ ሰበብ ካበዛ፣ ያ በራሱ መልስ ነው። ቀብድ ሳትከፍሉ ተመለሱ። ሌላ መኪና ይመጣል።

የቤት ሥራም እንስጣችሁ። በዚህ ሳምንት የጎረቤታችሁን መኪና አስፈቅዳችሁ የሻንሲ ቁጥሩን፣ የቀበቶውን ጨርቅና የጎማውን አራት አኃዝ ፈልጉ። በሰው መኪና ላይ የተለማመደ ዓይን በገበያ ቀን አይደናገርም።

በሚቀጥለው ሳምንት የሽያጭ ውሉን ይዘን እንመጣለን።

(የመዝጊያ ሙዚቃ ከፍ ብሎ ያበቃል)